ግራ የገባት መኪና

እማማ መቀስ መኪና መንዳት የተማሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን በልብስ ፋብሪካ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ጨርቅ ሲቆርጡ ነው ያሳለፉት። ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። መጀመሪያ ባልደረቦቻቸው በቀልድ ጠሯቸው፣ ቀጥሎ ሰፈሩ ተቀበለው፣ በመጨረሻ እሳቸውም የሰው በር አንኳኩተው «ማነው?» ሲባሉ «መቀስ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ግራ እጃቸው ጨርቁን ይመራል፣ ቀኝ እጃቸው ይቆርጣል። በጠመኔ ሳያሰምሩ የሸሚዝ አንገት ቢቆርጡ አንዲት ክር አትዛነፍም ይባል ነበር።

መኪናዋን ትቶላቸው የሄደው መርከብ ላይ የሚሠራው ልጃቸው ነው። አንዴ ከወጣ ወራት ይፈጅበታል። «ቆማ እንዳትቀር አንዳንዴ አንቀሳቅሷት» ብሎ ቁልፉን ለእናቱና ለሚስቱ በጋራ አስረከበ። እሱ ያሰበው ለባትሪው ነው። አማትና ምራት አንድ ቁልፍ ሲካፈሉ የሚመጣውን አላሰበም።

ቤታቸው ሐይቅ ዳር ነው። ከግቢው በር ሲወጣ መንገዱ ሐይቁን እንደ ቀበቶ ይዞረዋል። ምራታቸው የመዋለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በጀልባ ማቆሚያው በኩል ትወጣና ግማሹን ዙር ነድታ ሥራዋ ትደርሳለች፣ ስትመለስ ገበያ ስላለባት በከተማው ቀጥ ያለ መንገድ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእማማ መቀስ ተራ ነው። እሳቸው በተቃራኒው፣ በድልድዩ በኩል ይወጣሉ። የትም አይደርሱም። ሐይቁን ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ይሰቅላሉ። ጭጋግ ውሃው ላይ ሲተኛ፣ ዛፎቹ እግር የሌላቸው መስለው ሲንሳፈፉ፣ እሳቸው በዝግታ እየነዱ ኩርባዎቹን በልብስ ስም ይጠራሉ። ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው ጠባቡ «አንገት» ነው። ሸምበቆው ጋ ያለው ሰፊው «ብብት»። ረጅሙና ለስላሳው ደግሞ «የቀሚስ ጠርዝ»። ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም፤ የሰማቸው ሁሉ እብድ ይላቸዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናዋ አመል አወጣች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንደ በግ ትሄዳለች። ኩርባ ውስጥ ስትገባ ግን መሪው ወደ አንድ ጎን ይስብና፣ ኩርባው ካለቀ በኋላም አልመለስ ይላል። አንድ ሰው በዝምታ እጅጌ ይዞ ወደዚያ እንደሚጎትት ያህል ነው።

«ልጄ፣ መኪናዋ ወደ ግራ እየሳበች ነው። የሆነ ነገር አስነክተሻት ይሆን?» አሉ እማማ መቀስ፣ በጣም ለስለስ ብለው።

«ወደ ግራ? ወደ ቀኝ ነው እንጂ የምትስበው፣ እማማ። ምናልባት እርስዎ ሲያቆሙ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ነክቶብዎት እንዳይሆን» አለች ምራትየው፣ እሷም ለስለስ ብላ።

በዚያ ቤት ድምፅ ከፍ ብሎ አያውቅም። ጠብ መኖሩ የሚታወቀው ትሕትናው ሲበዛ ነው። ያን ሳምንት «ይቅደሙ እማማ»፣ «የለም አንቺ ቅደሚ የኔ ልጅ» በዛ፤ በሩ ላይ ተፋጥጠው ሾርባው ሲቀዘቅዝ ማየት ነው። ምራትየው ስትናደድ ከሕፃናቶቿ ጋር የምታወራበትን ድምፅ ታወጣለች፦ «አሁን እማማ ቀስ ብለን እናስብ፣ ግራ የትኛው ነው?» እማማ መቀስ ይህን ሲሰሙ ጆሯቸው ድረስ ይቀላሉ።

ግን ያልተናገሩት ነገር ነበራቸው። በክረምቱ አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ የሚጠጡበት ብርጭቆ ከግራ እጃቸው ሾልኮ ወደቀ። አልተደናቀፉም፣ ማንም አልነካቸውም። ጣቶቻቸው ብርጭቆ መያዛቸውን የረሱ ይመስል በቃ ተከፈቱ። ስባሪውን ጠርገው ጣሉትና ዝም አሉ። ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። መኪናዋን በአፋቸው ሲከስሱ፣ በሆዳቸው የሚከስሱት እጃቸውን ነበር። ሌሊት በሕልማቸው መጨረሻ የሌለው ሰማያዊ ጨርቅ ይቆርጣሉ፤ መቀሱ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና፣ ቀስ እያለ ወደ ግራ ያደላል፣ ጨርቁም ውሃ ሆኖ በጣቶቻቸው መሃል ይፈሳል።

በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ እንቅልፌ ጋ መሄድ።

እንቅልፌ መካኒክ ነው። ጋራዡ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ስለሆነ ግሪስና የትኩስ እንጨት ሽታ ይቀላቀልበታል። ስሙ የወጣለት መኪና ሲሞክር ሌላ ሰው አስነድቶ እሱ የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ስለሚጨፍን ነው። አንዳንዴም፣ ይላሉ የሚያውቁት፣ የእውነት ይተኛል።

«ወደ ግራ ትስባለች» አሉት እማማ መቀስ።

«ወደ ቀኝ» አለች ምራትየው።

እንቅልፌ ሁለቱንም በየተራ አየና «ስለ አንድ መኪና ነው የምታወሩት?» አላቸው።

ሥራውን ግን በቅደም ተከተል ያዘ። መጀመሪያ የጎማዎቹን ንፋስ ለካ፤ እኩል ነበር። የፊት ጎማዎቹን ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አቀያይሮ «በዚህ ጥቂት ቀን ንዷት» አለ፤ ነዷት፣ እማማ መቀስ አሁንም ወደ ግራ፣ ምራትየው አሁንም ወደ ቀኝ። መኪናዋን መለሱለት። የያዘ ፍሬን ካለ ብሎ ነድቶ መጣና መዳፉን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን አዳመጠ፤ ከሌላው የጋለ የለም። የጎማዎቹን አቅጣጫ በመሣሪያ አየ፤ ቀጥ ያሉ ናቸው። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችሁም ኑ» አለ። «አብራችሁ።»

ሁለቱ በዚያች መኪና ሐይቁን አብረው ዞረው አያውቁም ነበር።

ቅዳሜ ጭጋጉ ከባድ ነበር። ሐይቁ የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። እማማ መቀስ መሪውን ያዙ፣ ምራትየው ከጎናቸው ተቀመጠች፣ እንቅልፌ ከኋላ ጋደም አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለ። «የሚነዳው ሰው መሪውን ካሰበው፣ እጁ ሳያውቀው ያርመዋል፤ እኔም ምንም አይሰማኝም። ስለዚህ እያወራችሁ ንዱ።»

«ምን እናውራ?» አሉ እማማ መቀስ።

«እኔን ትጠይቁኛላችሁ? አማትና ምራት ወሬ ያጣሉ?»

በድልድዩ በኩል ወጡ። መጀመሪያ ስለ መጋረጃው አወሩ፤ ይታጠብ አይታጠብ። ስለ ጎረቤት ድመት አወሩ። ከዚያ ወሬው ደረቀ፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። የመጀመሪያው ኩርባ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ።

«አንገት» አሉ እማማ መቀስ ሳያስቡት።

«አቤት እማማ?»

አመለጣቸው፤ መመለስ አይቻልም። እያፈሩ ነገሯት፤ አንገቱን፣ ብብቱን፣ የቀሚሱን ጠርዝ። ምራትየው አልሳቀችም። በመስኮቱ አሻግራ ሸምበቆው ሲያልፍ እያየች፣ «እኔ በዚህ በኩል መጥቼ አላውቅም» አለች። «ያኛው ግማሽስ ምን ይባላል?»

«እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

መሪው ወደ ግራ ሳባቸው። ኩርባው አለቀ፣ መሪው ግን እዚያው ቀረ። እማማ መቀስ ገፋ አድርገው መለሱት፤ በዚያች ቅጽበት ግራ እጃቸው ነጭ ሆኖ፣ ቀጭን ሆኖ፣ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ታያቸው።

«መኪናዋ አይደለችም» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም ከሩቅ የመጣ መሰላቸው። «እጄ ነው። ግራ እጄ እየከዳኝ ነው፣ ልጄ። ብርጭቆ ከእጄ እየወደቀ ነው። መኪናዋን ያሳበብኩት አፍሬ ነው።»

«የብርጭቆውን ስባሪ አይቼዋለሁ» አለች ምራትየው በገዛ ድምፅዋ፣ የሕፃናቱን ድምፅ ትታ። «ልጠይቅዎት ፈልጌ፣ ደግሞ ቢከፋዎትስ ብዬ ተውኩት።»

ከኋላ ምንም አልተሰማም። እንቅልፌ አፉን ገርበብ አድርጎ ነበር።

ማዶ ዳርቻ ሲደርሱ ወንበር ተቀያየሩና መኪናዋን አዙረው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። አሁን የምትነዳው ምራትየው ናት። ጭጋጉ ትንሽ ሳሳ ብሎ የውሃው ቆዳ መታየት ጀመረ፤ ግራጫ፣ ሞገድ የሌለው፣ የተዘረጋ ሐር የመሰለ።

«እኔን ደግሞ እጄ አልመሰለኝም» አለች ምራትየው ድንገት።

«ምን መሰለሽ ታዲያ?»

«ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ነኝ። ቤቱም ዝም ይላል፣ መንገዱም ዝም ይላል። እሱ ከደወለ ቆይቷል፣ ሲደውልም መስመሩ ይቆራረጣል። እና ኩርባው ላይ መሪው ወደ ቀኝ ሲስበኝ፣ በቀኝ በኩል ያለው ውሃው ነው። እኔ ነኝ የምስባት ብዬ አሰብኩ። እኔ ሳላውቀው ወደዚያ የሚያደላ ነገር አለ በውስጤ ብዬ። አንዳንድ ጠዋት መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ነው ሥራ የምደርሰው። ደርሼ ለልጆቹ እዘፍናለሁ።»

እማማ መቀስ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። ስንት ጠዋት በመስኮት ሆነው መኪናዋ ስትወጣ አይተዋል! «ዛሬም ማርሹን ታንጫርረዋለች» እያሉ።

«አቁሚው» አሉ።

«ደህና ነኝ እማማ፣ ዝም ብዬ ነው...»

«አውቃለሁ። ቢሆንም አቁሚው።»

ቆመች። እማማ መቀስ ቀበቷቸውን ፈትተው ተንጠራርተው፣ ባልለመዱት አቀማመጥ፣ ጉልበታቸው ማርሹ ላይ እየተጋጨ አቀፏት።

«ውሃው አሁን በየት በኩል ነው?» የሚል ድምፅ መጣ ከኋላ።

ሁለቱም ደነገጡ። እንቅልፌ ዓይኑን ገና አልገለጠም።

«ይኸው በቀኝ» አለች ምራትየው ዓይኗን እየጠረገች።

«ቅድም እማማ ሲነዱስ?»

«በ...ግራ» አሉ እማማ መቀስ።

«እንግዲያው ስለ ግራና ቀኝ ስትከራከሩ የከረማችሁት በከንቱ ነው። ሁለታችሁንም ወደ ውሃው ነው የሳበቻችሁ።» ተነስቶ ተቀመጠ። ምራትየው ፊቷ መንጣቱን ሲያይ ፈጠን ብሎ ጨመረ፦ «ውሃው ምንም አላደረገም፣ እህቴ። አንቺም ምንም አላደረግሽም። መንገዱ ሐይቁን ይዞራል፤ በዚያ በኩል የሚዞር ሁሌ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ በዚህ በኩል የሚዞር ሁሌ ወደ ቀኝ። መኪናዋ ወደ ታጠፈችበት ትቀራለች እንጂ የራሷ የሆነ ወገን የላትም። አልመለስ ያለ ነገር አለባት። ነይ፣ እዚያ ሜዳው ላይ እንያት።»

ድልድዩ ጎን ባዶ ሜዳ ነበር። እንቅልፌ በዝግታ ወደ ግራ አስጠመዘዛትና «አሁን መሪውን ልቀቂው» አላት። ለቀቀችው። ጤነኛ መሪ ራሱ ተሽከርክሮ መሃል ላይ መምጣት ነበረበት፤ ይኼኛው ግን ባለበት ቀረና መኪናዋ በጭጋጉ ውስጥ ወደ ግራ መዞሯን ቀጠለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰከረች። ወደ ቀኝ አስጠመዘዛት፤ ለቀቀችው፤ ወደ ቀኝ መዞሯን ቀጠለች። ምራትየው እጆቿን ከመሪው አንስታ በአየር ላይ እንደያዘች፣ መኪናዋ እነሱን ይዛ ስትሽከረከር፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። እማማ መቀስ ግን ሳቁ፤ ይህን ያህል ከልባቸው ከሳቁ ቆይተዋል።

ጋራዥ ሲመለሱ እንቅልፌ የመኪናዋን ፊት በክሪክ ከፍ አደረገ። ምራትየውን መሪውን እንድታዞር አስቀመጣትና እሱ ከጎማው በላይ ያለውን ጥቅልል ሞላ በመዳፉ ነካ። አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን። ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ እስቲ ይምጡ። ግራ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ግራውን?»

«ቀኝዎ ቦርሳ ይዟል።»

እውነቱን ነው፣ ቦርሳ ይዘው ነበር። ግራ እጃቸውን ሰጡት፤ ሞላው ላይ በስሱ አስቀመጠላቸው። «አዙሪ» አለ። ምራትየው አዞረች። ብረቱ ከጣቶቻቸው ሥር ጥቅልል አለ፣ ጥቅልል አለ፣ ታፈነ፤ ከዚያ እንደ ደነገጠ ድመት ዘለለ። እማማ መቀስ እጃቸውን አልሰበሰቡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ያዝ ያደርግና ይዘላል» አሉ። «ከመዝለሉ በፊት ደግሞ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።»

«መንቀጥቀጡን እኔም አልያዝኩትም ነበር» አለ እንቅልፌ፣ እንደገና እየነካ። «አዎ፣ አለ።»

ኮፈኑን ከፍቶ አሳያቸው። ሞላው ከላይ የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ክብ ሆኖ በውስጡ ትናንሽ ኳሶች ያሉት ማለት ነው፣ ዝጎ ድርቅ ብሏል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ፣ የክረምቱ ዝናብ በሙሉ እዚያ ላይ ሲንጠባጠብ ከርሟል። ግቢያቸው ውስጥ መኪናዋ የምትቆመው ከትልቁ ዛፍ ሥር ነበር። እንቅልፌ የበሰበሰውን ቅጠል በእፍኙ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው።

«ማንም ምንም አላስነካትም» አለ። «ኩሽኔታው ይቀየራል፣ መውረጃው ይጠረጋል፣ ሰኞ ትወስዷታላችሁ።»

በእግር ወደ ቤት ተመለሱ። ጭጋጉ ተገፍፎ ነበር፤ መንገዱ እርጥብ ሆኖ ያበራል፤ ምራትየው የእማማ መቀስን ቦርሳ ይዛለች።

«የመኪናዋ ነገር በኩሽኔታ አለቀ» አሉ እማማ መቀስ። «ያንቺስ?»

«የእጅዎስ?»

ጥያቄዎቹ አደባባይ ወጥተዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ቤት አብረው ሄዱ። የእማማ መቀስ እጅ ከአንገታቸው የሚነሳ ነርቭ ተጭኖበት ነው ተባለ፤ ያን ሁሉ ዘመን ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው የከፈሉት ዋጋ ነው። ሙሉ በሙሉ ይድናል ብሎ ማንም ቃል አልገባላቸውም፤ ጣቶቻቸውን በየቀኑ እንዲያሠሩ ብቻ ታዘዙ። ምራትየው ደግሞ ሌላ ክፍል ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፣ ትከሻዋ ግን ወርዷል። እዚያ ያነጋገረቻት ሐኪም በየሳምንቱ እንድትመጣ ነግራታለች፤ እማማ መቀስም «እኔ አመጣታለሁ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ልጃቸው ሲደውል ስልኩን ከምራታቸው ተቀበሉ።

«መኪናዋ ምን ሆና ነው?» አለ ልጅየው፤ ድምፁ በሞገድ ውስጥ ይመጣል ይሄዳል።

«መኪናዋ ተሠርታለች። ስለ መኪናዋ አይደለም የምነግርህ።»

«ታዲያ ስለ ምንድን ነው?»

ሁልጊዜ «እኛ ደህና ነን፣ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ» ነበር የሚሉት። ያን ቀን ግን «ና» አሉት። «ሚስትህ ብቻዋን ናት፤ እኔም ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ሁለታችንም ብቻችንን ከርመናል። ና እና ቁጭ ብለን እንነጋገር።» መስመሩ ተንኮሻኮሸ፤ የተቆረጠ መስሏቸው ነበር። ከዚያ «እሺ እማዬ» ሲል ሰሙት። ቶሎ አልመጣም፤ ከመርከብ እንደ አውቶቡስ አይወረድም። ግን ያን ውል ሲጨርስ ሌላ ረጅም ውል ሳይፈርም መጣ።

እስኪመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት አብረው መውጣት ጀመሩ። ምራትየው ትነዳለች፤ ውሃው በቀኝ፣ መሪው ከየኩርባው በኋላ ራሱን እያቃና ይመለሳል። ለዚያኛው ግማሽ ኩርባዎችም ስም አወጡላቸው፤ ምራትየው የልብስ ነገር ስለማታውቅ በልጆቹ ስም ጠራቻቸው። አንዱ እንቢተኛ ነው፣ አንዱ አልቃሻ፣ አንዱ ደግሞ ሲስቅ የማያባራ።

እማማ መቀስ መዋለ ሕፃናቱ ውስጥ ከሕፃናቱ ጋር ትንሿ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አይቀረው። ልጆቹ በመጫወቻ ጭቃ እባብና ኳስ ሲሠሩ፣ እሳቸው የራሳቸውን ድርሻ ጭቃ በግራ እጃቸው ይጨምቃሉ፤ ይጨምቃሉ፣ ይለቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጭቃው ከጣታቸው አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ይንከባለል ነበር፤ ልጆቹም ጨዋታ መስሏቸው እየተንጫጩ ያሳድዱታል። አንድ ቀን አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ሰማያዊ ወረቀት አምጥታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች።

«ዓሣ ቁረጪልኝ» አለች፤ አንቺና እርስዎ ገና አልተለየላትም።

ምራትየው ከክፍሉ ማዶ ቀና ብላ አየቻቸው። እማማ መቀስ ወረቀቱን በግራ እጃቸው ያዙት፤ ጠርዙ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን የሕፃናት መቀስ አነሱና ዓሣውን ከአፉ መቁረጥ ጀመሩ።